የእድሩ መዝገብ ኮንኮርድ ገባ

አባዬ ባህር ዳር የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአባላቱን ስምና ወርሃዊ መዋጮ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስገባው። ያኔ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደሉን የሚያስቀምጡት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ሰው እስኪገለገልበት ደግሞ ሌላ ዓመታት ሄዱ። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አባዬ መዝገቡ ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ ይዞ ሌላ ቦታ አስከፈተው። ስሞቹ በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆነው ወጡ። ቁጥሮቹ ግን ደህና ነበሩ። 10 ብር፣ 10 ብር፣ 20 ብር ይላል፤ የከፈለው ማን እንደሆነ አይነበብም።

አንዱን ገጽ አትሞ ላከልኝ። ከዓመታት በኋላ ያንን ገጽ ይዤ አሜሪካ ውስጥ ኮንኮርድ በምትባለው የኒው ሃምፕሸር ስቴት ዋና ከተማ፣ የስቴቱ ተወካዮች ፊት ቀረብኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እዚህ አገር ሕግ ሲወጣ የምናየው እንደ ሩቅ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ 2011 እዚያው ኒው ሃምፕሸር፣ ማንቸስተር ከተማ ነበር የምኖረው፤ ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮችን መጠበቅ ነበር። ኤችቢ 418 የሚባል ረቂቅ ሕግ ለስቴቱ ምክር ቤት መግባቱን ከሥራ ባልደረባዬ ሰማሁ። ያቀረበው ሴት ኮን (Seth Cohn) የሚባል ተወካይ ነው። ረቂቁ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ሲገዙ ኦፕን ሶርሱንም፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር፣ እንዲያዩ፣ መረጃቸውንም ማንም ሊከፍተው በሚችል የፋይል ዓይነት (ፎርማት) እንዲያስቀምጡ የሚል ነበር። አነበብኩትና ቶሎ የታየኝ የአባዬ ፍሎፒ ነው።

ኒው ሃምፕሸር ትንሽ ስቴት ናት፤ ታችኛው ምክር ቤቷ ግን 400 ሰው አለው። ደሞዛቸው በዓመት 100 ዶላር ነው። በዓመት! አብዛኞቹ ቢሮም ረዳትም የላቸውም። ጡረተኛ አለ፣ አናጺ አለ፣ መምህር አለ። ስልካቸው ምክር ቤቱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ስላለ ትደውላለህ፣ ራሳቸው ያነሱታል።

እኔም ለሰፈሬ ተወካይ ደወልኩ። ስለ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ)፣ ስለ ኮድ ነፃነት ብዙ አወራሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ በነፃ የተሰጠኝ ነገር ሲበላሽ ለማን ነው የምደውለው? ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፣ መልስ ግን አላዘጋጀሁም። «ነፃ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያው ችግር አለበት፤ ስለ መብት ስታወራ ሰው ስለ ዋጋ ይሰማሃል። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን ተውኩት። ለጥያቄውም መልሱን ቆይቼ ጽፌ ላክሁለት፤ ድጋፍ የሚሸጡ ድርጅቶች ሞልተዋል፣ ልዩነቱ አንዱ ዋጋ ሲቆልልብህ ኮዱን ይዘህ ወደ ሌላው መሄድ ትችላለህ፣ ዝግ ከሆነው ግን መረጃህን ይዘህ መውጣት ራሱ ፈተና ነው የሚል።

ከዚያ ሰው ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያሰባሰብኳቸው እንደኔው ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን አምስታችን ብንቀርብ የምንናገረው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ለመንኩ፤ ተማሪዎቿ ትምህርት ቤት የሚሠሩበት ሶፍትዌር ቤታቸው ስለሌለ የቤት ሥራውን መክፈት ያቅታቸው ነበር። አንድ የሒሳብ ሠራተኛም መጣ። ለሁሉም የነገርኳቸው ያው ነው፦ የራሳችሁን ታሪክ ብቻ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ፣ የማንንም ኩባንያ ስም ሳትሳደቡ።

በኒው ሃምፕሸር ለገባ ረቂቅ ሁሉ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ይደረግለታል። ማንም ሰው መናገር ይችላል። እኔ ያኔ ግሪን ካርድ ነበር ያለኝ፤ መምረጥ አልችልም ነበር፣ መናገር ግን ማንም አልከለከለኝም። ይህንን አስምሩበት፤ ስንት ሰው ዜግነት ካላገኘሁ አይመለከተኝም ብሎ ይቀመጣል። ያኔ በሩ አጠገብ ሮዝ ካርድ ነበር፤ ለመናገር እሱን ትሞላለህ። መናገር ከከበደህ ሰማያዊው ወረቀት ላይ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ብለህ ፈርመህ ትሄድ ነበር። ካርዱን ስሞላ እጄ በብርዱ ደንዝዞ ስሜን ሁለቴ ነው የጻፍኩት።

ተራዬ ሲደርስ የአባዬን ገጽ ኮፒ ለሚሰሙን ተወካዮች አደልኩ። ምንም ሳልናገር እስኪያዩት ጠበቅሁ። ይሄ የሰፈራችን የቀብር ማኅበር መዝገብ ነው አልኳቸው። ብሩ አለ፣ ሰዎቹ የሉም። ፋይሉ አልጠፋም፣ ፍሎፒው አልተቧጨረም፤ የጠፋው ፊደሉ በምን ኮድ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ሶፍትዌር ነው። እድሩ ሽማግሌዎች ሰብስቦ ማን ስንት እንደከፈለ በምስክር ነው መልሶ የጻፈው። አንዲት አዛውንት ተወካይ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ቀድሞ የአንዲት ትንሽ ከተማ መዝገብ ያዥ ነበሩ፤ የመቃብር ቦታዎችን ዝርዝር ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ ስለገጠማቸው ችግር አነሱና ከጎናቸው ላለው ሰው በሹክሹክታ ማስረዳት ጀመሩ። እኔ ከተናገርኩት ሁሉ የእሳቸው ሹክሹክታ ሳይበልጥ አይቀርም።

ረቂቁ በ2012 ሕግ ሆነ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከስቴቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ተማክሮ፣ የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የድጋፉን፣ የጥገናውንና የሥልጠናውን ወጪ ደምሮ የትኛው እንደሚያዋጣ እንዲያመዛዝን ያዛል። «ያመዛዝን» እንጂ «ይጠቀም» አይልም። ጓደኞቼ በዚህ ቅር ተሰኝተው ነበር። እኔ አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም። ኦሪገን የሚባለው ስቴት ውስጥ በ2003 ያመዛዝኑ የሚል ተመሳሳይ ረቂቅ ቀርቦ እሱ ራሱ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ጎረቤታችን ማሳቹሴትስ ደግሞ በ2005 ክፍት ፎርማት ብቻ የሚል ውሳኔ አሳለፈች፤ ያ ግን የመሥሪያ ቤት መመሪያ እንጂ ሕግ አልነበረም፣ በ2007 መመሪያው ተሻሽሎ ሌላ ፎርማት ተጨመረበት። መመሪያ ሹም ሲለወጥ ይለወጣል። በሕግ የተጻፈ ቃል፣ ለስለስ ያለ ቢሆንም፣ ቆይተህ የምትይዘው እጀታ ይሆንሃል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ሲጸድቅ ደስ ብሎን ኬክ ቆርሰን ተበታተንን። የመምህርቷን ስልክ እንኳ አጣሁት። ማንም የማይጠይቀው ሕግ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ጠያቂዎቹ ደግሞ ወደየኑሯችን ሄድን። ከጊዜ በኋላ ነው ነቅቼ የስቴቱን መረጃ የማግኘት ሕግ ተጠቅሜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፍኩት። የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነበር፤ ሶፍትዌሩን ስትገዙ ያመዛዘናችሁበትን ወረቀት አሳዩኝ የሚል።

ግማሽ ገጽ ላኩልኝ። የመግዣው ዋጋ ተሞልቷል። የሥልጠናና የጥገና የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የሕጉን ቃል ገልብጬ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በዚህኛው ላይ ግን ሌሎች ስድስት ሰዎችም ፈረሙ።