ግራና ቀኜ የተለያየ ጫማ ያደረጉበት ጉዞ

ባለፈው የአደን ወቅት ከተራራ የወረድኩት የሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ጥፍር አስጠቁሬ ነበር። ጥፍሮቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተራ በተራ ሲነቀሉ መጀመሪያ የወቀስኩት የጫማውን ጥበት ነው፤ ጫማውን አውጥቼ በጥሞና ስመረምረው ግን ነገሩ ተቃራኒው ሆኖ አገኘሁት። ጣቶቼ እንዳይጨናነቁ ብዬ ከልኬ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዝቼ ስለነበር ተረከዜን አጥብቆ የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር እግሬ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍሬ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ሰንብቷል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ምርጫውን በችኮላ ላለማድረግ ወሰንኩ፤ ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ጥንድ ጫማዎችን መርጬ፣ ሁለቱንም በአንድ የአምስት ቀን ጉዞ ላይ ልፈትናቸው ተነሣሁ።

ጫማ ለመለካት የሄድኩት ሆን ብዬ ከቀትር በኋላ ነው፤ እግር ውሎ ሲያድር ሳይሆን ሲውል ስለሚያብጥ፣ ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ከሰዓት በኋላ ሊጠብ ይችላል። ተራራ ላይ የማደርገውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዤ ነበር። በቅድሚያ የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ በባዶ እግሬ ቆምኩበት፤ ከረጅሙ ጣቴ ፊት ለፊት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ መትረፉን፣ የእግሬም ጎን ከንጣፉ አለመውጣቱን አየሁ። ቀጥሎ ጫማውን ሳላስር አድርጌ እግሬን እስከ ጫፉ ድረስ ወደ ፊት ገፋሁና በተረከዜና በጫማው ጀርባ መካከል ሌባ ጣቴን ከተትኩ፤ ጣቴ ሳይጨነቅም ሳይላላም ገባ። ቀኝ እግሬ ከግራዬ ትንሽ እንደሚበልጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለትልቁ እግር መግዛትና የትንሹን ክፍተት በተጨማሪ ንጣፍ መሙላት ይሻላል። በመጨረሻ ጫማውን አጥብቄ አስሬ ደረጃ ላይ ቁልቁል ቆሜ ደጋግሜ ረገጥኩ። ጣቶቼ ጫፉን የነኩባቸውን ሦስት ጫማዎች፣ አንዱ በጣም አምሮኝ ሳለ፣ ሳላቅማማ መለስኳቸው።

ስለ ጫማ ግትርነት፣ ማለትም ሶሉ ለመታጠፍ እምቢ ስለማለቱ፣ ጥቂት ልበል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ማይንድል የተባለው የጀርመን ጫማ ሠሪ የተራራ ጫማዎችን ከኤ እስከ ዲ በፊደል የሚለይበት አከፋፈል አለው። ኤ ለሜዳና ለለሰለሰ መንገድ የሚሆን በቀላሉ የሚታጠፍ ጫማ ሲሆን፣ ዲ ደግሞ በበረዶ ግግር ላይ የብረት ጥርስ ታስሮበት የሚወጣበት ጨርሶ የማይታጠፍ ጫማ ነው። ገደላማ ቦታ ላይ የሚያድን ሰው በአብዛኛው ከቢ እስከ ሲ ባለው መካከል ይመርጣል። እኔ የመረጥኩት የመጀመሪያው ጥንድ ከጨርቅና ከስስ ቆዳ የተሠራ፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚታጠፍ፣ ጥንዱ 1.3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነበር። ሁለተኛው ከወፍራም ቆዳ የተሠራ፣ ዙሪያውን ድንጋይ እንዳይፍቀው ጎማ የተለበጠበት፣ በሁለት እጄ ይዤ ልጠመዝዘው ብሞክር እምቢ የሚል፣ ጥንዱ 1.9 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። የ600 ግራም ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እግር ላይ የሚጨመር ክብደት ጀርባ ላይ ከሚጨመረው ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ የሚሆን ጉልበት እንደሚበላ በወታደሮች ጫማ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ከባዱን ጫማ የሚመርጥ ሰው ለክብደቱ የሚሆን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የቆዳውን ጫማ ከጉዞው በፊት ሦስት ሳምንት አለማመድኩት፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ደረጃ ላይ፣ በመጨረሻም ሸክም ይዤ ዳገት ላይ። የጨርቁ ማለማመድም አላስፈለገው።

አብረውኝ የወጡት ከእኔ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው አዳኝ ናቸው። ሁለታችንም ፈቃዳችንን ይዘን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የተራራ ፍየሎቹን በርቀት መነጽር ለማጥናት፣ አራተኛውን ለአደኑ፣ አምስተኛውን ለመመለሻ መድበን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሸለቆ መንገድ ሄደን ከዚያ 800 ሜትር ከፍታ ወጣን። ቀላሉን ጫማ አድርጌ ከባዱን ሻንጣዬ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ጫማ ማድረጌን እስክረሳ ድረስ ተመችቶኝ ነበር፤ ማታ ድንኳን ስንተክል የቆዳውን ጫማ በከንቱ ተሸክሜ የመጣሁ መስሎኝ ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «ዳገት የትኛውንም ጫማ አያጋልጥም፤ ነገ አግድም ስንሄድ ታየዋለህ» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን መንገዳችን የተራራውን ወገብ ይዞ የሚሄድ አግድም ተዳፋት ነበር፤ ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል፣ መካከሉ በጤዛ የራሰ ሣርና በውስጡ የተሸሸገ ጭንጫ። እዚህ ቦታ ላይ ጋሼን ያሳቀ ነገር አደረግሁ፤ በቀኝ እግሬ የቆዳውን፣ በግራ እግሬ የጨርቁን ጫማ አደረግሁ። ስንሄድ ተራራው በግራችን ስለነበር የቆዳው ጫማ ታችኛው እግሬ ላይ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ስንመለስ ደግሞ ተራራው በቀኜ ሆነና የጨርቁ ጫማ የታችኛውን ቦታ ያዘ። ስለዚህ ጫማ ሳልቀይር ሁለቱም በሁለቱም ቦታ ተፈተኑ። የቆዳው ሶል በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚወፍር ጠዋት ሙሉ ትንሽ ማነከሴ አልቀረም።

ልዩነቱ ግን ከማነከስ የሚበልጥ ነበር። ግትሩ ጫማ ተዳፋቱን የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ የጫማው ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሣሩ ውስጥ ይነክሳል፣ ቀሪው የሶሉ ክፍል አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ እግሬ ግን መሰላል ላይ እንደቆመ ሰው እግር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ለስላሳው ጫማ በአንጻሩ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ሶሉ በሙሉ መሬቱን ስለሚነካ መጀመሪያ አስተማማኝ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ቁርጭምጭሚቴ ወደ ጎን እንደተጣመመ ክብደቴን ይሸከማል፣ እግሬም ከሶሉ ላይ ወደ ታች እየፈሰሰ ትንሿ ጣቴ በጫማው ግድግዳና በክብደቴ መካከል ትቀረቀራለች። በመመለሻው ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ የግራ ባቴ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀኙ ደህና ነበር። ጫማው ያልሠራውን ሥራ ጡንቻዬ ሠርቶለት ነው የዋለው።

ለስላሳው ጫማ የበለጠበትም ቦታ አለ፤ ባልናገር ፍርዴ ያጋድላል። ፍየሎቹ ወዳሉበት ሸንተረር ስንጠጋ በግራ እግሬ ስር ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ እሰማው ነበር፤ የሚነቃነቅ ድንጋይ ላይ ከመቆሜ በፊት እግሬ ያውቀዋል። የቀኙ ጫማ ግን አያዳምጥም። አንድ ጊዜ ጠርዙ ከጭንጫው ላይ ገፍቶ የጣለው ድንጋይ እየተንከባለለ ሲወርድ ጋሼ ዘወር ብለው ሳይናገሩ ብዙ ነገር ተናገሩኝ። ከዚያ በኋላ በግትር ጫማ ፀጥ ብሎ መራመድ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ተረዳሁ፤ እግርን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ማሳረፍ እንጂ መጎተት አይቻልም።

ሁለቱም ጫማዎች ከሥራቸው ያለው ጎማ ጥልቅ ጥርስ ያለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ሶል መነሻ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቪታሌ ብራማኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ በአልፕስ በፑንታ ራሲካ ስድስት ጓደኞቹን አጣ፤ ለዓለት መውጫ ያደረጓቸው ቀላል ጫማዎች ድንገት ለመጣባቸው ውርጭና በረዶ የማይሆኑ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብራማኒ ለዓለቱም ለበረዶውም የሚሆን ጥርሳም የጎማ ሶል ይዞ ቀረበ፤ የስሙ ምህጻር የሆነው ቪብራም ዛሬም ጫማ ሥር ላይ ይነበባል። ሆኖም ጥርሱ ብቻውን ሁሉን አያደርግም። የረጠበ ልሙጥ ድንጋይ ላይ የሚይዘው የጎማው ልስላሴ ሲሆን፣ ለስላሳ ጎማ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ድንጋይ ላይ የበቀለ እርጥብ ሽበት መሰል ነገር ሲያጋጥመን ሁለቱም ጫማዎቼ እኩል ተንሸራተቱ።

ሦስተኛው ቀን የዝናብ ነበር። ሁለቱም ጫማዎች ውሃ የማያስገባ ስስ ገበር አላቸው፤ ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎንን በፍጥነት ስቦ በማስረዘም ካገኘው ግኝት የተወለደው ዓይነት ነው። ገበሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ውሃው ግን የገባው ከላይ ነው። ሱሪዬ ላይ የወረደው ዝናብ ካልሲዬን ይዞ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ውሃ የማያስገባው ገበር ውሃ የማያስወጣም ሆኖ አረፈው። ጋሼ ከጉልበት በታች የሚታሰረውን የባት መሸፈኛ አድርገው ስለነበር ደረቅ እግር ይዘው ዋሉ፤ የእኔ ግን ሻንጣው ታች ተቀምጦ ነበር። ማታ ጫማዎቼን እሳት ዳር ላስቀምጥ ስል ከለከሉኝ፤ የእሳት ሙቀት ቆዳውን ያደርቃል፣ ያኮማትራል፣ ሶሉን የያዘውን ማጣበቂያም ያላላል። በምትኩ ደረቅ ልብስ ጠቀጠቅሁባቸው። ያጠፋሁት ግን ውጭ ማሳደሬ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ የቆዳው ጫማ እንጨት ሆኖ አደረ፤ እግሬን ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ያህል በሰውነቴ ሙቀት ማላላት ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ በፕላስቲክ ጠቅልዬ የመኝታ ከረጢቴ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ደስ የሚል አይደለም፣ ይሠራል።

በአራተኛው ቀን የቆዳውን ጫማ ብቻ አድርጌ ወጣሁ። ስለ አደኑ ብዙ አልጽፍም፤ ጋሼ ለሦስት ቀን ያጠኑትን አንድ ያረጀ አውራ ፍየል ረፋዱ ላይ በአንድ ጥይት ጣሉት፣ ሥጋውንም ተካፍለን ጫንን። የእኔ ሻንጣ ከነሥጋው 28 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ፤ ከፊታችን 1,100 ሜትር ቁልቁለት ነበር፤ አብዛኛው በላላ ጠጠር የተሸፈነ። ከመነሣቴ በፊት ማሰሪያውን እንደ አዲስ አሰርኩት። የጣቶቹን አካባቢ ላላ አድርጌ፣ እግር ከቁርጭምጭሚት ጋር በሚታጠፍበት ቦታ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አዙሬ ቆለፍኩትና ከዚያ በላይ ያለውን አጠበቅሁ። ተረከዜን ወደ ኋላ የያዘልኝ ይህ ቋጠሮ ነው፤ ባለፈው ዓመት ባውቀው ኖሮ ጥፍሮቼን ባላጣሁ ነበር።

ጠጠሩ ላይ ተረከዝን አስቀድሞ መርገጥ ነው፤ ግትሩ ጫማ እንደ አካፋ ይገባል፣ ጠጠሩ ከሥሩ ይቆለላል፣ ቆሞም ይይዛል። ግማሽ መንገድ ላይ ግን በግራ ተረከዜ ጀርባ የሙቀት ስሜት ተሰማኝ። ካምፕ ስደርስ አየዋለሁ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህ ስሜት ውሃ ከመቋጠሩ በፊት የሚመጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ስለማውቅ ግን ቆምኩ። ካልሲዬን አውልቄ ቀይ የሆነውን ቦታ በፕላስተር ሸፈንኩ፣ የተጨማደደውንም ካልሲ አስተካከልኩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ እስክጨርስ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጫማ ሶል በቢላዋ ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። የእሳቸው ጫማ ሁለት ጊዜ ሶሉ የተቀየረ አሮጌ የቆዳ ጫማ ነው። አንድ ጊዜ ሳያደርጉት ለዓመታት ያስቀመጡት ሌላ ጫማ ተራራ ላይ ሶሉ እንደ ቂጣ ተፈርፍሮ መውደቁን አጫወቱኝ። በሶሉ መካከል የሚገባው ፖሊዩሪቴን የተባለው ነገር የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ስለሚያፈራርሰው፣ ጫማ ተቀምጦም ያረጃል።

ካምፕ ደርሰን ሻንጣዬን ሳላወርድ ጫማዬን ፈታሁ። ዐሥሩም ጥፍሮቼ እንደነበሩ ናቸው። ተረከዜ ላይ ምስር የምታክል ቀይ ምልክት ብቻ ቀረች። የቆዳው ጫማ ጎማ ልባጥ ተጫጭሯል፤ ስፌቱ ግን አልተነካም። የጨርቁ ጫማ በአንዲት የአግድም ቀን ብቻ የጣቱ ጎን ላይ ማጣበቂያው አፉን ከፍቷል። ለገደላማ አደን ምርጫዬ የትኛው እንደሆነ ጋሼ አልጠየቁኝም፤ በማግስቱ የሸለቆውን ሜዳ መንገድ ስንጀምር ግን የተከፈተውን የጨርቅ ጫማ በገመድ አስሬ አድርጌ፣ ከባዱን ሻንጣዬ ላይ አንጠልጥዬ ሲያዩኝ ዳግመኛ ሳቁ።