የእማዬ ገንዳ ስንት ጀሪካን ይይዛል?

ቅዳሜ እማዬ ጋ ዋልኩ። ጓሮ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ተሰነጣጥቆ ውሃ ያፈሳል። ሰኞ ግንበኛ መጥቶ ውስጡን ይለስነዋል። ሒሳቡ በካሬ ስለሆነ ሜትር ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የለካሁት በውጭ በኩል ነው። ርዝመቱ 1.7፣ ወርዱ 1.2፣ ቁመቱ 0.9 ሜትር። ሳባዛው 1.836 ሜትር ኩብ መጣ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ማለት ነው።

«እማ፣ ይሄ ገንዳ እኮ ከ90 ጀሪካን በላይ ይይዛል!»

«ስልሳ ነው የሚይዘው» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም።

ቧንቧ ሳይገባልን ውሃ የምናመጣው ከቦኖ ነበር። በየጀሪካኑ ትከፍል ስለነበር ቁጥሩ አይጠፋትም። ተመልሼ ውስጡን ለካሁት። ግድግዳውም ወለሉም 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ስለዚህ ውስጡ 1.5 በ1 በ0.8 ነው። 1.2 ሜትር ኩብ። ልክ ስልሳ ጀሪካን! ለካ ሲሚንቶውንም እንደ ውሃ ቆጥሬው ነበር። እማዬን በጣም ኮራሁባት።

ቀጥሎ የልስኑ ስፋት። (ይሄ «ስፋት» የሚባል ቃል ልጅ ሆኜ ያደናግረኝ ነበር። ቤት ውስጥ ወርድ ማለት ነው፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ርዝመት ሲባዛ በወርድ። ዛሬም ሰው «ስፋቱ ስንት ነው?» ሲለኝ የቱን ማለቱ እንደሆነ እጠይቃለሁ።) ወለሉ 1.5 ካሬ፣ ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች 2.4፣ ሁለቱ አጫጭሮች 1.6። በድምሩ 5.5 ካሬ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልስኑ ራሱ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከአራቱም ግድግዳና ከወለሉ ሲቀነስ ውስጡ 1.46 በ0.96 በ0.78 ይሆናል። 1,093 ሊትር ገደማ። 55 ጀሪካን እንኳ አይሞላም።

ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አምስት ጀሪካን? ውሃ በሳምንት አንዴ እየመጣ? ለእኔ እኮ የአንድ ቀን ውሃ ነው።»

እውነቷን ነው። ወረቀቱን እንደገና አነሳሁ። የጎደለው 107 ሊትር ነው። የውስጡ ወለል ከልስን በኋላ 1.4 ካሬ ስለሚሆን፣ አፉ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመለሳል፤ ትንሽም ይተርፋል። ለግንበኛው ደወልኩለት።

«ይቻላል» አለኝ። «ካሬውስ ስንት ሆነ?»

ዙሪያው 5 ሜትር፣ ጭማሪው 0.08። 5.9 አልኩት።