አልነሳ ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር፦ ከካርቡሬተሩ በፊት ካንዴላው

የሣር ማጨጃም ሆነ የሞተር መጋዝ አልነሳ ሲል የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ማስተካከያ ብሎኖች ነው። ይህን ልማድ አልደግፈውም፤ ብሎኖቹ በራሳቸው የሚዛቡት ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ያለ ምክንያት ከተነኩ ግን አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ገመዱን ጥቂት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን መመልከት ይቀድማል። ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ የሚጠረጠረው ወይ የነዳጁ መብዛት ወይም የእሳቱ መድከም ነው። የአየር መዝጊያውን ቾክ ከፍቶ፣ ካንዴላው እንደወጣ ገመዱን ደጋግሞ መሳብ የተጠራቀመውን ቤንዚን ያስወጣል። ከዚያም ካንዴላውን ጠርጎ፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተቱን አስተካክሎ፣ ቤንዚን ከሚተነፍሰው ቀዳዳ አርቆ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት እሳት መስጠቱን ማየት ይቻላል። እሳት ከሌለ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ቦቢና ከመወንጀል በፊት የማጥፊያውን ሽቦ ከቦቢናው ነቅሎ እንደገና መሞከር ይገባል፤ እሳቱ ያን ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ የማጥፊያው ወይም የሽቦው ነው።

ጫፉ ደረቅ ከሆነ ፍለጋው ወደ ነዳጁ መንገድ ይዞራል። የታንኩን ክዳን ላላ ሲያደርጉት ሞተሩ ከተነሳ የአየር ማስገቢያው ተደፍኗል። ካልሆነ በታንኩ ውስጥ ያለውን ፊልትሮ በቀጭን ሽቦ ስቦ ማውጣትና ቱቦው አለመሰንጠቁን ማረጋገጥ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ነዳጅ ካልመጣ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ደርቃ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሞተሮች ነዳጁን የሚስበው ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ከበታቹ የሚፈጠረው የግፊት መለዋወጥ ይህችን ሽፋን ሲያርገበግባት ነው፤ በቆየ ቤንዚን ደርቃ እንደ ክረምት ያለፈበት ቅጠል ከተንኮሻኮሸች ማጠብ አይመልሳትም፣ መቀየር አለባት።

ከአንድ ወር በላይ የቆየ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ ደግሞ ሳይከራከሩ መቀየር ይሻላል። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይገባል። ማስነሻ ስፕሬይ ግን አልመክርም፤ ብዙዎቹ ዘይት ስለሌላቸው ሲሊንደሩን ያደርቁታል።

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ወይም ጉልበት የሚያጣ ሞተር ሲያጋጥም ብዙዎች የሚረሱት የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ያለውን የብልጭታ ማገጃ ወንፊት ነው፤ ጥላሸት ከደፈነው ጭሱ መውጫ ያጣል። ማርሚታው ከተፈታ አይቀር፣ በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑን በባትሪ ብርሃን ማየት ይገባል። በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥልቅ ጭረቶች ካሉ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረው እመቃ፣ የመዳከሙ ነገር አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚታሰበው የፒስተንና የሲሊንደር ለውጥ ነው።