ምንጣፉን አንስተኸዋል?

ቨርጂኒያ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዘንድሮ ቮልስ ገዛሁ፣ የ1967፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። 6,500 ዶላር። ሚስቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን "ማሞቂያ እንኳን አለው?" አለችኝ። አለው፣ ግን አይሰራም።

አባዬ የ65 ቮልስ ነበረችው፣ ነጭ። አራት ልጆች ከኋላ ተጠቅጥቀን በሩ አልዘጋ ሲል "መስኮት ክፈቱ!" ይላል። ቮልስ ጥብቅ ስለሆነች መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ በሩን ብትወረውረው አየሩ ይመልሰዋል። ደብረ ሲና ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ የጣርማ በርን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን እንወጣለን፣ ዳር ላይ ትልልቆቹ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ውሃ በጀሪካን ሲጠጡ እናያለን፣ አባዬ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ክላክስ ያደርግላቸዋል። "የኔዋ ውሃ አትጠጣም!" እውነቱን ነው፤ ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የላትም። ሲመሽ ግን ጉራው ያልቃል። ባለ 6 ቮልት ስለነበረች መብራቷ ከኩራዝ አይሻልም።

በ1997 ዲቪ ሲደርሰኝ ተሸጠች። ቲኬቴም የሜዲካሉም ከእሷ ወጣ። ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ አይወራም።

የአሁኗን ቮልስ የሽያጭ ማስታወቂያ ያየሁት ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ፈረቃዬ ላይ ሆኜ ነው። ቅዳሜ ከሪችመንድ ወዲያ ወዳለች የገጠር ከተማ ነዳሁ። ስሯን አያለሁ፣ ላሜራዋን እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፣ ዋጋ እከራከራለሁ ብዬ ነበር። ሻጩ ሽማግሌ በሯን ከፈተልኝ። ሽታው መጣ። የድሮ ቮልስ የወንበሯ ሙሌት የኮኮናት ጭረትና የፈረስ ጸጉር ነው፤ ሲያረጅ እርጥብ ጆንያ ላይ ትንሽ ቤንዚን የፈሰሰበት ይመስላል። አለቀልኝ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ማታ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ካሜራውን ዙሪያዋን አዞርኩለት።

"ስንት ወጣባት?"

"አባዬ፣ ወደ ብር እንዳትመነዝረው።"

"መነዘርኩት" አለ። ዝም አለ። ከዚያ "ምንጣፉን አንስተኸዋል?"

"የቱን ምንጣፍ?"

"ከኋላ ወንበር ስር፣ በስተቀኝ፣ ባትሪው ያለበት።"

አነሳሁት። ባትሪውን የተሸከመው ላሜራ በጣቴ ስነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። በቀዳዳው አስፋልቱ ይታያል። የባትሪ አሲድ ወለሉን መብላቱ የቮልስ የታወቀ በሽታ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። "እኔ እኮ የጎማ ቁራጭ አለብሰው የነበረው ለጌጥ አይደለም" አለኝ፤ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። በልጅነቴ በዚያች ጎማ ላይ ስንት ዓመት እንደተቀመጥኩ ሳስበው...

ወለሉን አስቆርጬ አዲስ አስበየድኩ። ብየዳው ብቻ 2,200 ዶላር። መለዋወጫ አይጠፋም፤ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሰርታለች፣ የመጨረሻዋም ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 በፈረንጅ ነው። ችግሩ አሜሪካ የገባችው የ67 ቮልስ የዚያ ዓመት ብቻ የሆኑ ዕቃዎች አሏት፣ ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ሌላው ጣጣ ቋንቋ ነው። ካምሪዬን ጋራዥ አስገብቼ ፈርሜ ስወጣ ስለኖርኩ የመኪና ዕቃ በእንግሊዝኛ አላውቅም። የማውቀው አባዬ ሲጠራው የሰማሁትን ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ። ጣልያን ሄዶ ቃሉን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት ነው የቀረው። አንድ ቀን ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ ልገዛ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ስሙ ጠፋኝ፣ በእጄ እያሳየሁ ስንተባተብ ቆይቼ በንዴት "ካንዴላ!" አልኩ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ኤልሳልቫዶር ነው የመጣው። "ካንዴላ? ስንት?" አለኝና አራቱን አምጥቶ አስቀመጠልኝ። ለካ እነሱም አገራቸው ካንዴላ ነው የሚሉት። ልጁን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ታርጋም አወጣሁላት። ቨርጂኒያ 25 ዓመት ላለፋት መኪና የአንቲክ ታርጋ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ምርመራ የለባትም፣ ግን በየቀኑ ሥራ አትሄድባትም። አባዬ ይህን ሲሰማ "ያለ ቦሎ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ባለፈው እሁድ ተነሳች። እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 5። አባዬ ጋቢ ተከናንቦ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ከኋላ ሞተሩ ላይ አስጠጋሁት።

"ጠጋ አድርገው። ጠጋ... የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ይጮኻል።"

በስልክ ይህን መለየት ይቻላል ብዬ አላምንም። ቮልስ ላይ ሦስተኛውን መገመት ደግሞ ያዋጣል፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው እሱ ነው የሚግለው። እኔ ግን አልተከራከርኩም፤ ካቻቢቴ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

"አትንካው! ቫልቭ በትኩሱ ይስተካከላል እንዴ? ሲቀዘቅዝ፣ በ0.15 ሚሊ ሜትር። ያኔ ደውልልኝ።"

"አባዬ፣ እስኪቀዘቅዝ እኮ እናንተ ጋ ሊነጋ ነው።"

"ደውል አልኩህ።"