የሆዴ ልጅ የራሱ ሰዓት አለው

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የምውለው። የደብረ ማርቆስ ክረምት ደግሞ ነፍሰ ጡርን ከቤት አያስወጣም፤ ጭቃው ራሱ አንድ ፈተና ነው። የክትትል ካርዴ 36ኛ ሳምንት ይላል። አማቴ ግን ሳምንት የሚባል ነገር አይቆጥሩም፤ «ከጳጉሜ አያልፍም» ብለው ጨርሰዋል። የገንፎው እህል ተፈጭቶ ተቀምጧል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ጎረቤት ባገኘኝ ቁጥር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይለኛል። ሁሉም የሚጠብቀው የምጡን ቀን ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከምጡ በፊት ያለው ነው፤ ዛሬ ተንቀሳቀሰ ወይስ አልተንቀሳቀሰም የሚለው።

ልጁ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ቤት ስጠርግ፣ ወጥ ስሠራ ድምፁ የለም። ከሰዓት ቡና ሲወቀጥ ትንሽ ይገላበጣል። ዋናው ጨዋታ ማታ ነው፣ ራት በልቼ በጎኔ ጋደም ስል። ቀሚሴ በአንድ በኩል ሲነሳ በሌላው ሲወርድ ባለቤቴ እያየ ይስቃል፤ እጁን ሲያስቀምጥ ግን ያ ልጅ ቀጥ ይላል። አባቱን ከአሁኑ ይቀልድበታል።

ባለፈው ሐሙስ ቡናው ተወቅጦ፣ ተፈልቶ፣ በረካው ደርሶ ልጁ ዝም። ፍልሰታ ገብቷልና አማቴ ከቅዳሴ መልስ ደክሟቸው ነበር፤ እኔ ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ጾሙን አልያዝኩም፤ ስለዚህ ከረሃብ ነው እንዳልል በልቻለሁ። በግራ ጎኔ ተኛሁ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አንድ ሁለቴ ስልል ያለ ነገር ተሰማኝ፤ የወትሮው አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ምክር ዓይነቱ ብዙ ነው። «ቦታ ጠቦት ነው» አሉ አማቴ። «ሊወለድ ሲል ጸጥ ይላል፤ የእኔዎቹም እንዲያ ነበሩ።» ጎረቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ አለች፤ ሌላዋ ስኳር ላሺ አለች። ሁሉም በፍቅር ነው የተናገሩት፣ አልከፋኝም። ነገር ግን የልጁን ሰዓት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ማሽኑም አያውቀውም፤ አልትራሳውንድ የሚያየው የዚያችን ደቂቃ ነው። የትናንቱንና የዛሬውን ማነጻጸር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ነጠላዬን ለበስኩና ባለቤቴን ባጃጅ ጥራ አልኩት። አማቴ «በዚህ ዝናብ? ነገ አይሻልም?» ብለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከዝናቡ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በፊት በአንድ ቀጠሮ ላይ ስለ እንቅስቃሴው ስጠይቅ ባለሙያዋ ካርዱን እየሞላች፣ ቀና ሳትል «የመጀመሪያ ልጅ የያዘች ሁሉ ትፈራለች» ብላኝ ነበር። ያች ቃል ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። ሴት ልጅ ሄዳ «ምንም የለሽም» ተብላ መመለስን ትፈራለች፤ ቀበጠች ይሉኛል ብላ። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቻችንን ቤት የሚያስቀረን የመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን ይህ እፍረት ነው።

የዚያን ቀን ምሽት ተረኛ የነበረችው አዋላጅ ነርስ ግን ሌላ ሰው ናት። ወጣት ናት፣ ንግግሯ የቢቸና። እጆቿን አሽታ አሙቃ ነው የነካችኝ። መጀመሪያ ሁለቱንም መዳፏን የሆዴ አናት ላይ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር አሳረፈች፤ ቀስ ብላ ግራ ቀኝ ነቀነቀችው። ቀጥላ በጎንና በጎን ወረደች፤ አንዱ ጎን ጠንካራና ለስላሳ፣ ሌላው ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል። መጨረሻ ላይ ከእምብርቴ በታች ዝቅ ብላ ጣቶቿን ጠለቅ አደረገችና ዝም አለች። ከዚያ ያችን መለከት የምትመስል መስሚያ ሆዴ ላይ ተክላ፣ ጆሮዋን ደግፋ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አደረገች። ክፍሉ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። የዚያች ደቂቃ ርዝመት!

«140 አካባቢ ነው፤ ጥሩ ነው» አለችኝ። ጤነኛ የሚባለው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ነገር ግን ልቡ መታ ብላ አላሰናበተችኝም። ግፊቴን ለካች፣ አልጋው ላይ በጎኔ አስተኛችኝ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ንገሪኝ አለችኝ። ቆይቶ ተነሳ፤ እንዲያውም አንዱን ርግጫ እሷም በዓይኗ አየችው።

እዚያው እንደተኛሁ የነገረችኝን ለብዙ ሰው ብነግረው ደስ ይለኛል። ልጅ ሊወለድ ሲል ጸጥ ይላል የሚባለው ልክ አይደለም። ቦታው ሲጠብ የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ርግጫው ቀርቶ መግፋትና መንከባለል ይሆናል። መጠኑ ግን መቀነስ የለበትም፤ እስከ ምጡ፣ በምጡም ጊዜ ጭምር ይንቀሳቀሳል። ማህፀን ውስጥ ሲተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። «በቀን ስንት ጊዜ መሆን አለበት?» ስላት ለሁሉም ሴት የሚሠራ ቁጥር የለም አለችኝ፤ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዷ የልጇን ልማድ ታውቀዋለች፣ መለኪያው እሱ ነው። ከልማዱ ከቀነሰ በዚያው ቀን መምጣት ነው። ውሃና ስኳር እየሞከሩ ማደር አይደለም። «ነገም ከቀነሰ ነገም ነይ» አለችኝ፣ ካርዴን እየመለሰች። ይህችን ቃል ደጋግሜ ለራሴ እላታለሁ።

ሁለተኛው ነገር የመጣው እዚያው ነው። ከጎድኔ ሥር ክብ ጠንካራ ነገር አለ፤ ስጎነበስ ይወጋኛል። ርግጫው ደግሞ ታች፣ ፊኛዬ ላይ ነው። መቀመጫው ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካስ ጭንቅላቱ ነው። ልጁ ቁጭ ብሏል። በማግሥቱ ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ታየና ተረጋገጠ። በ28ኛው ሳምንት ገደማ ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ እንዲህ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ይዞራሉ፤ በመውለጃው ጊዜ ከመቶ ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ይቀራሉ። የእኔው ገና ጊዜ አለው።

ወሬው ቤት ሲደርስ ታሪኩ ተለወጠ። የባለቤቴ አክስት አንዲት ሴት ያውቃሉ፤ ሆድ በቅቤ አሽታ ልጅ የምታስተካክል። «እጇ ይሰማል፤ ስንቱን ያዞረች ናት» አሉ። እኔ እኒያን ሴቶች አልንቅም። አያቴ ጮቄ ሥር ሰባት ልጅ ስትወልድ ከእነሱ በቀር ማን ነበራት? ልጅ በእግሩ መጣ ሲባል ምርጫው ማሸት ወይም በቃሬዛ ተሸክሞ አቀበት ቁልቁለቱን መውረድ ነበር። ዛሬ ግን ያ አይደለም። ሐኪሙን ስጠይቀው በእጅ የማዞር ነገር በሕክምናም አለ አለኝ፤ ከ36ኛው ወይም ከ37ኛው ሳምንት ወዲህ፣ የልጁን ልብ እየተከታተሉ፣ አደጋ ቢመጣ ወዲያው ቀዶ ጥገና በሚቻልበት ሆስፒታል ብቻ። እንዲያም ሆኖ የሚሳካው ለግማሹ ያህል ነው። ቤት ውስጥ ሲታሽ እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ሊላቀቅ፣ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ያንን ደግሞ የማንም እጅ ከውጭ አያየውም። ለአክስታችን ይህንኑ በአክብሮት ነገርኳቸው። ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ ይቆያል እንጂ ያልፋል።

የእንቅልፉ ነገር ደግሞ አለ። «በግራሽ ብቻ ተኚ» እየተባልኩ ሌሊቱን በሙሉ እንደ ዘበኛ ራሴን ስጠብቅ ነበር። ዋናው ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ተኝቶ እንቅልፍ አለመጀመር ነው፤ ግራም ይሁን ቀኝ ጎን ይበቃል። በጀርባዬ ሆኜ ብነቃ ዞር ብዬ መተኛት ነው፣ ድንጋጤ አያስፈልገውም። ከዚህ ወዲህ ትንሽ እንቅልፍ አገኘሁ።

የባለቤቴ እህት ስናን፣ ከረቡዕ ገበያ ወጣ ብሎ ነው የምትኖረው፤ ሰባት ወሯ ነው። ስደውልላት የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ለእሷ «በዚያው ቀን ሂጂ» ማለት እንደ እኔ ባጃጅ መጥራት አይደለም፤ ዝናብ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ገብታ እንድትጠብቅ ከባሏ ጋር ከአሁኑ እየተነጋገሩ ነው። ከብቱን ማን ይይዛል የሚለው ነው ያልተፈታው።

እኔ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ከዞረ ዞረ፤ ካልዞረ ሐኪሙ ስለ ማዞሩም ስለ ቀዶ ጥገናውም ቁጭ ብሎ ያማክረናል። እስከዚያው የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ሳልጠብቅ ወዲያው እንድሄድ ተነግሮኛል፤ ልጁ በጭንቅላቱ ካልሆነ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላልና። ባለቤቴ የደም ዓይነቱን አስመርምሯል። ባለባጃጁ ልጅ ስልኩን ሌሊት እንዳይዘጋ ተስማምተናል። አማቴም አብረውኝ ሊሄዱ ነው፤ «ያንን ራሱን በቴሌቪዥኑ ካላየሁ ቁጭ ብሏል ብትሉኝ አላምንም» ብለዋል። ባጃጁ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲመጣ ነግረነዋል።