41 ቀን የቆመችው ጀልባ

ባሕር ዳር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዥ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን አንዲት ባለሞተር ጀልባ አለችው። ባለሙያዎችን ወደ ደቅ ደሴትና በፎገራ በኩል ወዳሉት የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ታመላልሳለች።

ግዥ ወደ ፑል ሲገባ፣ ማለትም በየክፍሉ መግዛት ቀርቶ በአንድ ቦታ በጋራ ሲሆን፣ ደግፌ ነበር፤ አሁንም እደግፋለሁ። ቀድሞ ሦስት የሥራ ክፍሎች አንድ ዓይነት ቶነር ከአንድ ሱቅ በሦስት ዋጋ ሲገዙ አይቻለሁ። በጋራ ሲገዛ ዋጋው ወረደ።

አንድ ቀን "የውሃ ፓምፕ ላስቲክ፣ ብዛት 1" የሚል መጠየቂያ መጣ። "ስፔስፊኬሽን ይሟላ" ብዬ መለስኩት። ተሟልቶ ሲመጣ ሦስት ፕሮፎርማ ተፈለገ። ከተማው ውስጥ ዕቃው ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ስለነበር የቀረውን ከአዲስ አበባ ጠየቅን። ከዚያ ኮሚቴ። አንዱ ስብሰባ፣ ሌላው ፊልድ።

በሃያኛው ቀን ገደማ የጀልባዋ ሹፌር ቢሮዬ መጡ። በጨርቅ የጠቀለሉትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ላስቲክ፤ ጥርሶቿ ረግፈዋል።

"ልጄ፣ ይቺ ናት እኮ።"

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። እምቦጩ የውሃ መሳቢያውን ሲደፍነው ላስቲኳ በደረቁ ትሽከረከርና ትቃጠላለች። ያለሷ ሞተሩን ማስነሳት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

"ጋሼ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

እውነታቸውን ነው። ፎርሙም ይህን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

ጀልባዋ 41 ቀን ቆመች። የግል ጀልባ ተከራየን፤ ጉዞ የተሰረዘባቸው ቀበሌዎችም ነበሩ። የኪራዩን ደረሰኝ ሳወራርድ የላስቲኳን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመመሪያው ግን ጥፋት አልነበረብኝም። ኦዲተር ስለ ጎደለ ፕሮፎርማ ይጠይቀኛል፤ ስለ ቆመች ጀልባ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ግዥ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ የተማርኩት ከአሜሪካ ጦር ነው። መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ እ.ኤ.አ. በ1961 ምግብ፣ ልብስና ነዳጅን የመሰለውን የጋራ ዕቃ ለጦሩ ሁሉ የሚገዛ አንድ ተቋም አቋቋሙ። ስሙ ተቀይሮ ዛሬም አለ። እኚሁ ሰው ግን አየር ኃይልና ባሕር ኃይል አንድ ዓይነት የጦር አውሮፕላን እንዲጋሩም አዘዙ። የባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ከመርከብ ላይ መነሳት ነበረበት፤ ክብደቱ አስቸገረ። በ1968 ተሰረዘ። ነዳጅ ለሁሉም ነዳጅ ነው። የመርከቡን ጠባብ መንደርደሪያ የሚያውቀው ግን እዚያ ላይ የሚሠራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ እዚያው አገር የወጣ ሕግ እስከ 2,500 ዶላር ያለውን ትንሽ ግዥ ያለ ዋጋ ማወዳደሪያ ለመፈጸም ፈቀደ። ይቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ለኃላፊዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ትልቁ ግዥ ፑል ውስጥ ይቆይ፤ ለጀልባዋ ጥገና ግን ጣሪያ ያለው፣ በየወሩ በደረሰኝ የሚወራረድ ጥሬ ገንዘብ ወደቡ ላይ ይቀመጥ አልኩ። "ቢጎድልስ?" አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ41 ቀኑን የኪራይ ደረሰኝ አስይዤ መልሼ አስገባሁት። ሁለት ወር ፈጀ፤ ተፈቀደ።

ኅዳር ላይ ሹፌሩ ደወሉልኝ። ከጀርባቸው የሞተር ድምፅ ይሰማል። "ላስቲኳን ዛሬ ጠዋት ቀየርኳት፣ ደቅ ልንደርስ ነው" አሉኝ። ደረሰኙ በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።