ማሲንቆ ታቅፎ መንገድ

ዛሬም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ከደብረ ብርሃን ለልምምድ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ ማሲንቆዬን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩት። ቆዳው የሌሊት እርጥበት ሲነካው ይረግባል፤ የፈረስ ጭራው ክርም ቅኝቱን አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ታቀፍኩት።

ጫጫ ላይ የተሳፈሩ እናት አጠገቤ ተቀመጡ።

«የእኔ ልጅ፣ ትመታለህ?»

«አዎ እማማ።»

«አባቴም ይመታ ነበር» አሉና መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ቆዳው ላይ አሳረፉ። ሸኖን፣ አለልቱን አልፈን ሰንዳፋ እስክንደርስ አላነሡትም። ሌላ ቃልም አልተናገሩም። እኔም እንዳይረበሹ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ።

ልምምዱ ጥሩ ነበር፤ አምባሰሉ በመጨረሻ ከክራሩ ጋር ገጠመልን። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው፦ ለመድረኩ ይከፈለናል፣ ለልምምዱና ለመንገዱ ግን ማንም አያስብልንም። ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ይህን የምጽፈው ላምበረት መናኸሪያ ተሰልፌ ነው። ማሲንቆዬ ደረቴ ላይ ነው። እኚያን እናት ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።